ሰደቃው የወጣለት መንገደኛ

ማንም ያላየው ፊልም ውስጥ ሠርቻለሁ። ሲኒማ ቤት አልገባም፤ ታጥቦም አያውቅም። የሠራነው ሦስት ሆነን ነው። ሦስታችንም በደብረ ብርሃን ቀበሌ ስብሰባ ላይ «ቦዘኔ» ከሚባሉት ነበርን። እኔ የዚያን ጊዜ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ማትሪክ ሁለት ጊዜ ተፈትኜ ሁለቱንም ጊዜ ውጤት አልመጣልኝም። የምኖረው ከአክስቴ ጋር ነበር። አክስቴ የጭነት መኪናዎች በሚቆሙበት ሰፈር ጠላ ትሸጣለች፤ እኔ ማለዳ ጋን አጥባለሁ፣ ለጠጪው አቀርባለሁ፣ ከዚያ በኋላ ደጅ ቁጭ ብዬ መኪና አያለሁ።

ከደሴ በኩል የመጣውን መኪና ከጭቃው፣ ከአዲስ አበባ የመጣውን ከጭነቱ እለይ ነበር። ዓይኔ የሚያርፈው ግን ሾፌሮቹ ላይ ሳይሆን ከጭነቱ ላይ በሚወርዱት ወጣቶች ላይ ነው። ሸራ ላይ ተኝተው ይመጣሉ፣ አቧራቸውን ያራግፋሉ፣ ውሃ ለምነው ይጠጣሉ፣ ከዚያ ሌላ መኪና ላይ ይወጣሉ። ከየት እንደመጡ ስጠይቃቸው ይነግሩኛል። ወዴት እንደሚሄዱ ስጠይቃቸው ግን ይስቃሉ። ሰው የሚሄድበትን ሳያውቅ እንዴት ይሄዳል? እንቅልፍ አጣሁበት ብል ማጋነን ይሆናል፤ ጋን ሳጥብ ግን አስበው ነበር።

ከእነዚህ አንዱ ካሜራ ነበረው። ረጅም ነው፤ ሃያ ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ትከሻው ላይ የሳሳ አሮጌ ካፖርት ይለብሳል። ሁለት ዓመት በተንቀሳቃሽ ሲኒማ መኪና ላይ ሠርቷል። ገጠር ለገጠር እየዞሩ፣ ነጭ ጨርቅ ወጥረው፣ ስለ መጸዳጃ ቤት አቆፋፈርና ስለ ማዳበሪያ ፊልም ያሳዩ ነበር። መኪናው ተበላሽቶ ሲቀር እሱንም አሰናበቱት፤ የሥራ መታወቂያው ግን ኪሱ ውስጥ ቀረ። ካሜራውን ያገኘው ከአባቱ ነው። አባቱ የአንድ ፈረንጅ የመንገድ መሐንዲስ ሾፌር ነበሩ፤ ፈረንጁ አብዮቱ ሲመጣ አገር ጥሎ ሲሄድ ትቶላቸው ሄደ። ዳዊት የሚያህል፣ በቁልፍ የሚሞላ፣ ሲሠራ እንደ ስፌት መኪና የሚንቀረቀር ካሜራ ነው።

«ፊልሙ ስለ ምንድን ነው?» አልኩት።

«ስለ እነዚያ» አለና ሸራ ላይ የተቀመጡትን ልጆች በአገጩ አሳየኝ። «ገጠር ፊልም ስናሳይ ሰዉ ስለ ማዳበሪያው ግድ አልነበረውም። በፊልሙ ውስጥ አንድ መኪና ካለፈ ግን ሁሉም ጸጥ ይላል። መኪናው ወዴት እንደሚሄድ ማየት ይፈልጋል። ወደ ማዳበሪያው ስንመለስ መንጫጫት ይጀምራል።»

«ታሪኩስ?»

«መኪና ላይ እንወጣለን። መኪናው ያደረሰን ቦታ ታሪኩ ነው።»

በሕይወቴ ከሰማኋቸው መልሶች ሁሉ እንደዚያ ደስ ያለኝ የለም።

ሦስተኛው የአልዩ አምባ ነጋዴ ልጅ ነው። አክስቴ ቤት አግዳሚ ላይ ይቀመጥና ጠላውን ሳይሆን ውሃ ይጠይቃል፤ እስላም መሆኑን ያወቅሁት በዚያ ነው። ሃያ ዓመቱ ነበር። አንድ ዓመት ሙሉ ሲንከራተት ቆይቷል። አረርቲ አጨዳ አጭዷል፣ መዘዞ ገብስ ተሸክሟል፣ ሰላ ድንጋይ በግ ነድቷል። አንድ ከተማ ውስጥ ከሁለት ሳምንት በላይ አይቆይም። ባለካሜራው ፊልሙ ውስጥ እንዲገባ ሲጠይቀው እሺ አለ፤ ግን በአንድ ነገር።

«ፊቴ አይነሳም።»

«ፊት የሌለው ሰው ፊልም ውስጥ ምን ያደርጋል?» አለው ባለካሜራው።

«ይሄዳል» አለ።

ወደ አንኮበር እንሂድ ያለው እሱ ነው። ለምን እንደሆነ አልተናገረም። እኔ ከቀበሌ «ለዘመድ ጥየቃ» የሚል የይለፍ ወረቀት አወጣሁ። አክስቴ ወረቀቱን ተቀብላ ብዙ አየችው፤ ማንበብ አትችልም፤ ማህተሙን ነበር የምታየው።

«አንኮበር ዘመድ የለንም» አለችኝ።

«የለንም፣ እትዬ» አልኳት።

ወረቀቱን መለሰችልኝ። «እዚያ ብርዱ አይጣል ነው» አለች። «ጋቢ ያዢ።»

ቆርቆሮና ጨው በጫነ መኪና ላይ ወጣን። ባለካሜራው የነበረው አራት ጥቅል ፊልም ብቻ ነው፤ አንዱ ከሦስት ደቂቃ አያልፍም። ስለዚህ ከማንሳት ይልቅ ያያል። ካሜራውን ዓይኑ ላይ ደግኖ ሳይነካው ረጅም ጊዜ ይቆያል፣ ከዚያ ያወርደዋል። እኔም እንዳይ ሰጠኝ። በዚያች ትንሽ ቀዳዳ ውስጥ የገብስ ማሳው፣ የድንጋይ ካቡ፣ በጎቹ በሙሉ ቦታ ቦታቸውን ይዘው ቆመዋል። በየቀኑ የማያቸው ነገሮች ናቸው፤ አንድ ሰው ሆን ብሎ ያስቀመጣቸው ሆነው ታዩኝ። የነጋዴው ልጅ ጀርባም ነበረ። እኛ ወደ ፊት ስናይ እሱ ሁልጊዜ ወደ መጣንበት እንደሚያይ ያስተዋልኩት በካሜራው ውስጥ ነው።

«ማንን ነው የምትጠብቀው?» አልኩት።

ያኔ ነገረን። ከገበያ መሐል ታፍሶ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ነበር። ወደ ማሠልጠኛው ሲጓዙ የመኪናው ራዲያተር ፈላና ሊያቀዘቅዙት ቆሙ። ሽንቱን ሊሸና ወረደ፤ ከዚያ መሄዱን ቀጠለ።

«አልሮጥኩም» አለ። «ብሮጥ ይተኩሱ ነበር። ከብት እንደጠፋበት ሰው ግራ ቀኝ እያየሁ ሄድኩ። አንዱ ወታደር አየኝ፣ ወላሂ አየኝ። የምር ከብት የምፈልግ መሰለው።»

እናቱን ካየ ዓመት አልፎታል። ለብቻው እንዳይሄድ፣ ብቻውን የሚሄድ ጎረምሳ በየመንገዱ ይጠየቃል። ሴት ልጅና የመንግሥት መታወቂያ የያዘ ሰው አብረውት ካሉ ግን ማንም ልብ አይለውም። ፊልሙ ውስጥ የገባው ለዚህ ነበር። ባለካሜራው ይቆጣል ብዬ ፊቱን አየሁ። እሱ ግን ቁልፉን ሞልቶ የልጁን ጀርባ ማንሳት ጀመረ።

አንኮበር ስንደርስ ጉም ስለነበር ከተማው ቀረበን እንጂ አልታየንም። ያሳደሩን አንድ ቄስ ናቸው፤ መንገደኛ መቀበል የለመደ ቤት ነው። ባለቤታቸው ቤት ውስጥ የሥጋ ወጥ እያለ ሽሮ አቀረቡልን። ለምን እንደሆነ የገባኝ ሁላችንም ከአንድ ትሪ መብላት ከጀመርን በኋላ ነው፤ እንግዳቸውን ማን እንደሆነ ሳይጠይቁ አውቀውታል። መምሬ ካሜራውን ተቀብለው አገላብጠው አዩት፤ በቀዳዳው ወደ ሚስታቸው፣ ወደ በሩ፣ ወደ እሳቱ ተመለከቱ።

«ይሄ የሚያየውን ያስታውሳል ማለት ነው?» አሉ።

«አዎ፣ መምሬ» አላቸው ባለካሜራው።

«እንግዲያ የምታሳየውን ምረጥለት» አሉና መለሱለት።

በማግስቱ ማለዳ ቁልቁለቱን በእግር ጀመርን። ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ የሚወርደው መንገድ ልብስ ያስወልቃል፤ ጋቢዬን መጀመሪያ ትከሻዬ ላይ፣ ቀጥሎ ክንዴ ላይ፣ በመጨረሻ ራሴ ላይ አደረግሁት። ብርዱ ከላይ ቀረ፤ ማሽላና ሎሚ፣ የማላውቃቸው ወፎች መጡ። የነጋዴው ልጅ እያንዳንዱን ድንጋይ ያውቀዋል። መጀመሪያ ላይ ልንደርስበት አልቻልንም፤ ወደ ከተማው ስንጠጋ ደግሞ እንጠብቀው ጀመር። ባለካሜራው ሦስተኛውን ጥቅል በእግሮቹ ላይ ጨረሰው።

ከከተማው በላይ ምንጭ አጠገብ ተቀመጥን። ልጁ ፊቱንና እጁን ታጠበ።

«ዙሁር ቀትር ላይ እስኪሰገድ እንቆይ» አለን። «ወንዶቹ መስጊድ ይገባሉ፤ ሌላው ከፀሐይ ይሸሸጋል። ቀጥሎ አንቺ ቀድመሽ ትገቢያለሽ። ሴት ብትገባ ጨርቅ ልትገዛ ነው ይላሉ።»

ቤቱን በሩቁ አሳየኝ። ስገባ እናቱ ግቢው ጥላ ውስጥ ተቀምጠው በርበሬ ይለቅሙ ነበር። ቀጭን ሴት ናቸው። ሰላም ስላቸው አረፍ በይ አሉኝ፤ ውሃ ሰጡኝ።

«ከደብረ ብርሃን ነው የመጣሁት» አልኩ። «ስለ ትልቁ ልጅዎ…»

«ልጄ ሞቷል» አሉ በርበሬውን መልቀም ሳይተዉ። «ሰደቃውን ካወጣን ቆየን።»

ድምፃቸው የእህል ዋጋ እንደሚናገር ሰው ነበር። ውሃው እጄ ላይ ቀረ። ለሞተ ሰው እናት፣ ልጅሽ ከምንጩ አጠገብ ተቀምጦ ፊቱን እየታጠበ ነው ተብሎ እንዴት ይነገራል? ሌላ ቃል ስላጣሁ እንዲሁ ነገርኳቸው።

እውነት ነው ወይ ብለው አልጠየቁኝም። መጀመሪያ ያዩት የጎረቤቱን አጥር ነው።

«ማን አይቶታል?» አሉ።

ያን ጊዜ ልጃቸው አለመሞቱን እንደሚያውቁ ገባኝ።

ባለካሜራው በፊት በር፣ ልጁ በጓሮ በኩል ገቡ። እናቱ ራሱን በሁለት እጃቸው ይዘው ፀጉሩን አሸተቱት፤ አላለቀሱም። ወደ ዕቃ ቤቱ አስገብተው በጆንያዎቹ መሐል አስቀመጡትና እኔንና ባለካሜራውን ደጅ ላይ እንደ ሸማ ገዥ አስቀመጡን። አባትየው ከመስጊድ ተመልሰው ዕቃ ቤቱ ገቡ፤ ለልጁ ሁሉንም ነገር የነገሩት እሳቸው ናቸው፤ ቆመው፣ ዓይናቸውን ከመሬት ሳያነሱ።

«የቀበሌ ሰዎች ሦስት ጊዜ መጥተው ጠየቁን» አሉት። «የት ደበቃችሁት አሉ። በሦስተኛው፣ እሱ ካልመጣ ታናሹን እንወስዳለን አሉ። እኔም አንድ መንገደኛ ነጋዴ አዋሽ በረሃ ላይ ሬሳህን አየሁ ብሎ ነገረኝ አልኩ። በግ አረድን፣ ሼኹ ዱዓ አደረጉ። ሊቀመንበሩ ራሱ መጥቶ በላ፤ ከመዝገብም ሰረዘህ። አላህ ይቅር ይበለኝ።»

ልጁ ከጆንያዎቹ መሐል ተነሳ። «እና እኔ አሁን ማን ነኝ?» አለ።

«ልጄ ነህ» አሉት። «እዚህ አገር ግን የለህም።»

ሁለት ቀን በዕቃ ቤቱ ውስጥ ቆየ። መጀመሪያ ተቆጣ፤ ምግብ አልበላ አለ። በሁለተኛው ቀን ግን ቁጣው ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ፤ ስለ ራሱ ለቅሶ ማወቅ ፈለገ። ማን መጣ? ማን ቀረ? እናቱ በሹክሹክታ ይመልሱለታል፤ እኔም ከበሩ አጠገብ ሆኜ እሰማለሁ።

«የሱቁ ጎረቤታችንስ ምን አለ?»

«ጥሩ ልጅ ነበር አለ።»

«በቁሜ እንዲህ ብሎኝ አያውቅም» አለ። ሲስቅ ሰማሁት። እናቱም ሳቁ፤ አፋቸውን በሻሻቸው ጫፍ ይዘው።

እዚያ መቆየት አይችልም ነበር። ከሁለት ወገን ያለው ጎረቤት ሰደቃውን በልቷል። ከታየ አባትየው ይታሰራሉ፣ ታናሹ ይወሰዳል። አባትየው ግመል የሚነዳ የሚያምኑት ዘመድ ነበራቸው፤ ልጁ ከእሱ ጋር ወደ ቆላው፣ ከዚያም ወደ ባሕሩ አቅጣጫ ሊሄድ ነው። በሦስተኛው ቀን ማለዳ ከከተማው ውጭ፣ ደረቁ ወንዝ ዳር ተቀጣጠሩ። እናቱ እንዳይታወቅ ቤት ቀሩ። እኔና ባለካሜራው ሸኘነው።

ግመሎቹ ሲጫኑ ልጁ ወደ ባለካሜራው ዞረ።

«ስንት ቀረህ?»

«አንድ ጥቅል።»

«በል ፊቴን አንሳ» አለው። «የሞተ ሰው ፊት ማን ይፈልጋል?»

ባለካሜራው ቀረብ ብሎ ቆመ። ያን ያህል ቀን አብሬው ስሄድ ፊቱን አይቼው የማላውቅ መሰለኝ። ግራ ቅንድቡን የምታቋርጥ ትንሽ ጠባሳ አለችው። በፊቱ ምን እንደሚያደርግ አላወቀም፤ ኮስተር አለ፣ ወደ ግመሎቹ አየ፣ ወደ እኔ አየ። በኋላ የካሜራው መንቀርቀር አሳቀው፤ ሳቁ ሳያልቅ ፊልሙ አለቀ። ከግመሎቹ ኋላ ተከትሎ ሄደ። ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ፊት እያየ ነበር የሚሄደው፤ እሱን የሚያነሳ ፊልም ግን አልነበረንም።

አንኮበር ወጥተን ድንች በጫነ መኪና ተመለስን። ደብረ ብርሃን ልንገባ ጥቂት ሲቀረን መኪናው ቆመ፤ ከፊታችን የመኪና ሰልፍ አለ። ሾፌሩ በመስኮት ወጣ ብሎ «ኬላው ላይ ፍተሻ ነው፤ ወረቀታችሁን አዘጋጁ» አለን።

ባለካሜራው አራተኛውን ጥቅል ከካፖርቱ ኪስ አወጣ።

«አዲስ አበባ ልከው ያጥቡታል» አለ። «ፊቱን ለሊቀመንበሩ ካሳዩት አለቀ።»

መዳፉ ላይ አድርጎ ሲያየው ቆየና ለእኔ ሰጠኝ። «እኔ አልችልም።»

ከቆርቆሮ ዕቃው አውጥቼ ፊልሙን ፀሐይ ላይ ዘረጋሁት። መሳብ ስጀምር መጨረሻ የሌለው መሰለኝ። እውነቱን ልናገር፤ ከማዘኔ በፊት ማየት ፈልጌ ነበር። አንዱን ጫፍ ወደ ሰማይ ይዤ ልጁን ፈለግሁት። ምንም የለም፤ ገርጣ ያለ ሪባን ብቻ ነው። ያልታጠበ ፊልም ላይ ምንም እንደማይታይ አላውቅም ነበር። ጠቅልዬ ገደሉ ውስጥ ጣልኩት።

ኬላው ላይ ካሜራውንና የቀሩትን ሦስት ጥቅሎች አገኙ። ሁለታችንንም ወደ አንድ ጽሕፈት ቤት ወስደው አምስት ቀን አቆዩን። አልተመታንም። ቀን ቀን ግቢ እንጠርጋለን፤ በመሐል እየተጠራን እንጠየቃለን። የሚጠይቀኝ መነጽር ያለው፣ ትዕግሥተኛ ሰው ነበር።

«ማን ላካችሁ?»

«ማንም፣ ጓድ።»

«ለምን መንገድ ታነሳላችሁ?»

«ፊልም ነው። በመኪና ስለሚሄዱ ልጆች ነው።»

«ወዴት ነው የሚሄዱት?»

«እሱን አላወቅንም።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «መጨረሻው ምንድን ነው? ፊልም መጨረሻ አለው።»

«ገና አልደረስንበትም» አልኩት። ከሁሉ ነገር ይህ አስጨነቀው። በማግስቱ ጠርቶ ያንኑ ጠየቀኝ፤ በሦስተኛውም ቀን። ለሥራው ይሁን ለራሱ ማወቅ ፈልጎ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

በአምስተኛው ቀን አክስቴ ሁለት የሰፈር ሽማግሌዎች ይዛ መጥታ ዋስ ሆነችኝ። ለባለካሜራው የሚዋስ አልተገኘም። መታወቂያው ጊዜው ያለፈበት መሆኑን ስላዩ በሚቀጥለው ዙር ለውትድርና ላኩት። ካሜራው ከሦስቱ ጥቅሎች ጋር ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበት ቀረ። ከዓመታት በኋላ፣ ሠራዊቱ ሲበተን፣ ባለካሜራው ከሰሜን በእግሩ ተመለሰ። ትንሽ ያነክሳል። አረርቲ ፎቶ ቤት ከፍቶ ሳገኘው ለመታወቂያ የሚሆን ጉርድ ፎቶ ያነሳ ነበር። ሻይ ጋበዘኝ፤ ስለ ፊልሙ ያነሳሁት እኔ ነኝ። «ጥሩ ነበር» አለኝ፤ ስለ አንድ የታወቀ ፊልም እንደሚናገር ሰው ኮራ ብሎ።

ከጽሕፈት ቤቱ በወጣሁ ቀን አክስቴ መንገዱን ሁሉ ከፊቴ እየቀደመች ሄደች። ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ ቤት ልንደርስ ስንል «ምን ምን አየሽ?» አለችኝ።

ስለ ልጁ ብቻ ሳልናገር ሌላውን ሁሉ ነገርኳት። ጠላ እየቀዳች ታቋርጠኛለች፤ ሎሚው ዛፍ ላይ እንዳለ አይተሽዋል? ግመል እንዴት ነው የሚቀመጠው? አክስቴ በሕይወቷ ከደብረ ብርሃን ወጥታ አታውቅም፤ በየቀኑ የሩቅ አገር ሰው ስታጠጣ ኖራ አንድም ቀን መኪና ላይ አልወጣችም። ከጥቂት ወራት በኋላ ራሷ ቀበሌ ሄዳ ለሁለታችን የይለፍ ወረቀት አወጣች። ምክንያቱን «በርበሬ ለመግዛት» አስባለችው።

አልዩ አምባ ገበያ ገብተን የልጁን እናት በርበሬያቸውን ዘርግተው ተቀምጠው አየኋቸው። እግሬ ወደዚያ ወሰደኝ። እሳቸው አንድ ጊዜ አዩኝና ዓይናቸውን ወደ አክስቴ መለሱ።

«ምን ልስፈርላችሁ?»

አክስቴ በርበሬውን እያሸተተች ስትመርጥ እሳቸው ለማንም እንደማይናገሩ ሆነው ቀጠሉ።

«ወደ ታች የላክነው ጭነት ነበር» አሉ። «በረሃ ይበላዋል ብለን ፈርተን ነበር። ባሕሩን ተሻግሮ ገባ አሉን፤ አልሐምዱሊላህ።»

አክስቴ የነጋዴ ወሬ ትወዳለች። «እሰይ። ምን ነበር የላካችሁት?»

«ሸማ» አሉ። ሰፍረው ሲጨርሱ አንድ ጭብጥ ጨመሩልን። ወደ እኔ ግን አላዩም።

ፀሐይ ሳይበረታ ሽቅብ ጀመርን። «ደግ ሴት ናት» አለች አክስቴ። «ታውቂያታለሽ እንዴ?»

«አላውቃቸውም» አልኩ።

ዳገቱ ለአክስቴ ከባድ ነበር። በየጠመዝማዛው ድንጋይ ላይ ትቀመጥና ወደ ታች እያመለከተች ያ ምንድን ነው፣ ያኛውስ፣ እዚያ ጥግ የሚያብረቀርቀው ትለኛለች። የማውቀውን እነግራታለሁ። የማላውቀውን አብረን እያየን ትንፋሻችን እስኪመለስ እንቀመጣለን።